ዘፈኑ መሃል የገባችው ሴት

ሰው ሲያረጅ የሚሄድበት ቦታ ያንሳል። የእኔ ዓለም አሁን ሦስት ቦታ ሆናለች፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ጡረታዬን የምቀበልበት ባንክና ዓይደር ሆስፒታል። ዓይደር የምሄደው በየወሩ የደም ግፊት ክኒኔን ልወስድ ነው። ዱሮ እያፏጨሁ በእግሬ የምወጣውን መንገድ ዛሬ በባጃጅ ነው የምሄደው፤ ተቀምጬ እየሄድኩም ይደክመኛል። ባጃጁ የኪሮስ ነው። ኪሮስ ሃያ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ደመወዝ የቀረ ጊዜ ባጃጅ ያዘ፣ ደመወዙ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። ለምን ስለው «ኣያ ታደሰ፣ ባጃጅ ጥያቄ አይጠይቅም» ይለኛል። እኔም አልከራከረውም። ከማንም ጋር መከራከር ከተውኩ ቆየሁ።

የኪሮስ ሬዲዮ ከአንድ ጣቢያ ተነቅሎ አያውቅም። ትንሽ ጣቢያ ናት፤ ከከተማ ወጥተህ ኵሓን ገና ከማለፍህ መንሾካሾክ ትጀምራለች፣ ትንሽ ቆይታም ትጠፋለች። ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ የዱሮ ዘፈን ማሰማት ነው። አብዛኛው ትግርኛ ነው፤ መሃል መሃል አማርኛ ጣል ታደርጋለች፣ ደስ ሲላትም ሱዳንኛ ታስገባለች። በዘፈኖቹ መካከል መታወቂያ የጠፋበት ሰው ስም ይነበባል፣ የተዝካር ጥሪ ይነገራል፣ ከዚያ ወደ ዘፈኑ ይመለሳል። ዜና የላትም። ዜና የሌለው ሬዲዮ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ፣ ለዓመታት ሬዲዮ በከፈተ ቁጥር ክፉ ወሬ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞም ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚያሰሙት ዘፈን ታጥቦ ተተኩሶ የመጣ ነው፤ ይቺ ግን ካሴቱን የምትለምነው ከእኛው ቤት ነው። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የእናት መሶብ ውስጥ የተረፈ ካሴት ያለው ሰው ወስዶ ይሰጣታል፣ እሷም ከነጭረቱ፣ ከነመንተባተቡ ታሰማናለች። ዘፈኑ ሲንገዳገድ እኔም አብሬው እንገዳገዳለሁ፤ እኩዮች ነን።

ያለፈው ወር ክኒኔን ልወስድ ስሄድ ነው ነገሩ የሆነው። ጠዋት ነበር፣ ቀዝቃዛ ጠዋት፤ ጋቢዬን ጨምቄ ይዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አንድ የክራር ዘፈን ጀመረ። ግማሹ መቀሌ የተጋባው በዚያ ዘፈን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዘፋኙ የመጀመሪያውን አዝማች ጨርሶ ክራሩ ብቻውን ሲቀር፣ የክራሩ ድምፅ ድንገት ዝቅ አለና አንዲት ሴት ገባች። «መስከረም ሙዚቃ ቤት፣ መቐለ፣ ከገበያው በላይ።» ያን ብላ ወጣች፤ ክራሩ ተመለሰ።

ለታይ ናት። ሚስቴ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል።

«አቁም» አልኩት ኪሮስን። እንዴት ብዬ እንዳልኩት አላውቅም፤ ደንግጦ ከመንገዱ ወጣና አቆመ። «እንታይ ኮይንካ፣ ኣያ ታደሰ? ምን ሆንክ? አመመህ?» እያለ ወደ ኋላ ዞሮ ያየኛል። እኔ ጣቴን ወደ ሬዲዮው ቀስሬ ቀርቻለሁ።  ዘፈኑ ሲያልቅ የጣቢያዋ ልጅ፣ ፍረወይኒ የምትባለው፣ በትግርኛዋ እንዲህ አለች፤ «ውድ አድማጮቻችን፣ ዘፈኑ መሃል እየገባ ለረበሻችሁ የማስታወቂያ ድምፅ ይቅርታ እንጠይቃለን። ንጹሕ ቅጂ አግኝተናል። ከነገ ጀምሮ ይሄኛውን አጥፍተን ንጹሑን ነው የምናሰማችሁ።»

አጥፍተን አለች። እንዲሁ በቀላሉ፣ መብራት እንደሚጠፋ። እኔ ለዚህች ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት? ከለታይ ሞት ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ድምፅዋ እየጠፋኝ ነበር። ፊቷ አልጠፋኝም፣ ፎቶ አለ። የተናገረችውም አልጠፋኝም፤ ቀልዷን፣ ስድቧን፣ በር ላይ ቆማ ስልክህን ረሳህ የምትለኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ግን ሳስታውሰው የምሰማው በራሴ ድምፅ ነው። ማታ ማታ እተኛና እሷ ያለችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ፣ ከዛሬ ነገ በእሷ አንደበት ይመጣልኛል እያልኩ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣው ግን የእኔው የሽማግሌ ድምፅ ነው። ከሞት በላይ ሌላ ሞት እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅ አልሰጠንም፤ ድምፅዋ በሌላ ጉሮሮ ውስጥ አልቀረም። እና አሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልበል ወይስ ላልቅስ ሳላውቅ፣ ድምፅዋ ባጃጅ ውስጥ መጣ፤ በመጣበት አፍታም ከነገ ጀምሮ እናጠፋዋለን ተባለ።

«ዓይደር ይቅር» አልኩት ኪሮስን። «ወደ ጣቢያው ውሰደኝ።» ክኒንህስ አላለኝም። ባጃጁን አዙሮ ወደ ሓወልቲ አቅጣጫ ወረደ።

መንገዱ ረጅም አይደለም፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መቀሌ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፣ በመንግሥት መጋዘን ንብረት ጠባቂ ሆኜ፣ ለሁለት ዓመት ብዬ። ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እዚህ ፀሐዩን ሳይ ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፣ አራቱ ዕድሜ ልክ ሆነ። ሥራውን ትቼ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ መንገድ አንዲት በር ተከራየሁና መስከረም ሙዚቃ ቤት ብዬ ሰቀልኩ። ሰማያዊ ሰሌዳ ነበር፤ ፊደሉን የጻፈልኝ ሠዓሊ «ሙዚቃ» የሚለውን አስፍቶ ጽፎት «ቤት» ቦታ አጥታ ጥጉ ላይ ተጨፍልቃ ቀረች። በስተግራዬ ቦላሌ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጎረምሳው ሁሉ ከጉልበቱ በታች መንገድ የሚጠርግ ሱሪ የሚያሰፋው እሱ ጋ ነው። በስተቀኜ ሻይ ቤት፤ ሻዩ አሥር ሳንቲም፣ ከአንድ ቁራሽ ሕምባሻ ጋር ሃያ አምስት። ጠዋት ጠዋት ግመሎች አሞሌ ጨው ተሸክመው ወደ ገበያው ሲያልፉ፣ ነጂዎቹ የእኔን ስፒከር ሰምተው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እነሱ ሲቆሙ ግመሉ ይቆማል፣ ግመሉ ሲቆም መንገዱ ይዘጋል፣ መንገዱ ሲዘጋ የገበያው ዘበኛ እኔን ይቆጣኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ በዚያች በር የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። አንድ ጊዜ ቆሜ ሳይ ልጁ «ምን ልስጥዎት ኣቦይ?» አለኝ፤ ምንም ብዬ አለፍኩ።

የዛሬ ልጆች ዘፈን ማለት ጣት መንካት ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ሰው የሚፈልገውን ዘፈን በወረቀት ጽፎ ይዞ ይመጣል። ከዚህኛው ሦስት፣ ከዚያኛው ሁለት፣ ለመጨረሻ አንድ ለስለስ ያለ። እኛ በስልሳ ደቂቃ ካሴት ላይ እንቀዳለታለን፣ ከሦስት ቀን በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ዴኩ፣ የካሴት መቅጃው፣ አንድ ዘፈን ለመቅዳት አንድ ዘፈን ሙሉ ይፈጅበታል፤ መቸኮል የሚባል ነገር የለም። ዘፈኑን ሳትሰማው ልትቀዳው አትችልም። ስለዚህ በዚያ ዘመን መቀሌ ውስጥ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንደ ኮበለለች ቀድሞ የሚያውቀው ካሴት ቀጂው ነው፤ ወረቀቱን ያነበበ ሁሉን አነበበ። ይህን ለዕድሜ እኩዮቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ብዙዎቹ ወረቀታቸው እኔ ጋ ያለፈ ናቸው።

ለታይም የመጣችው እንደ ደንበኛ ነው። ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯን አልባሶ ተሠርታ፣ የካሴት ክር እንደ አንጀት ተዘርግፎ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። «ቴፓችን በላው» አለች። የተበጠሰውን ጫፍ በምን ላጣብቅ ብዬ መሳቢያውን ሳገላብጥ፣ ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አውጥታ ሰጠችኝ። ቀይ ነበር። በጥፍር ቀለም የተጣበቀ ካሴት ሲዞር ቀዩ ነጥብ በካሴቷ መስኮት ውስጥ ያልፋል፤ ሁለታችንም አጎንብሰን ስናየው ግንባራችን ተጋጨ። በሳምንቱ ሌላ የተበጠሰ ካሴት ይዛ መጣች። የዚያኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነበር፤ ቴፕ እንዲህ አይበላም፣ እንዲህ የሚቆርጠው መቀስ ነው። እስክትሞት ድረስ አላመነችልኝም። ከተጋባን በኋላ መደብሩን ከእኔ ይልቅ እሷ ያዘችው፤ ሰው ሰሌዳዬን ትቶ «እንዳ ለታይ» ይለው ጀመር፣ የለታይ ቤት ማለት ነው። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ እናቶች ለሱዳንና ለጂዳ ልጆቻቸው በድምፅ መልእክት ሊልኩ ሲመጡ ማይኩን ይፈሩታል፤ ለታይ ከጎናቸው ቁጭ ብላ በሹክሹክታ እየጠየቀች ታናግራቸዋለች። እኔ በሌላው ክፍል ዴኩን ይዤ፣ ሰው ለልጁ የሚለውን ስሰማ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

ማኅተሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ በመከራ አስመጥቼ የቀዳሁትን ዘፈን አንድ ሰው ከእኔ ይገዛል፣ ሌላ ከተማ ወስዶ ከእሱ ላይ መቶ ይቀዳና ይሸጣል። እኔ ራሴ ከየት ቀዳሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም መቼም፤ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? እናም ዘፈኑ መሃል፣ ቆርጠው ሊያወጡት የማይችሉበት ቦታ ላይ፣ የሙዚቃ ቤታችንን ስም እናስገባለን። ይህን ማኅተም እንለው ነበር። የእኔ ድምፅ ቁራ ነው፤ ስለዚህ ማኅተሙ ለታይ ሆነች። ሙዚቃውን በአንድ እጄ ዝቅ አደርጋለሁ፣ በሌላው ምልክት እሰጣታለሁ፣ እሷ ማይኩ ላይ ጎንበስ ብላ ትናገራለች፣ መልሼ ከፍ አደርጋለሁ። መቐለ ስትል ቐ ከጉሮሮዋ ሥር ነው የሚወጣው፤ እኔ ይኸው ስንት ዓመት ኖሬ ዛሬም መቀሌ ነው የምለው፣ እሷ ትስቅብኝ ነበር።

ደንበኛው ግን ተማረረ። ዘፈኑ ልብ ላይ ሲደርስ ትገባለች ይላሉ፤ ታዲያ ሌላ ጊዜማ ብትገባ ማን ይሰማታል? አንድ ሙሽራ ከሠርጉ በኋላ ሊጣላኝ መጣ። ሙሽሪት እያለቀሰች፣ እናቷ እየመረቀች ባለችበት ሰዓት ለታይ ገብታ «ከገበያው በላይ» ብላ አድራሻ ተናገረች፣ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ገንዘቤን መልስ አለኝ። ለታይ ሻይ አስመጣችለት፤ ጠጥቶ ሌላ ካሴት አስቀድቶ ሄደ። እያደር ሰው ለመደው። ሠርግ ቤት ተጠርተን ስንሄድ፣ ዘፈኑ ያቺ ቦታ ላይ ሊደርስ ሲል ጭፈራው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ አብሯት «መስከረም ሙዚቃ ቤት፣ መቐለ!» ብሎ ይጮኻል። ለታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ እቀመጣለሁ፤ ንግዱ የእኔ፣ ስሙ የእሷ።

አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ዘመን ድምፅ ስቀዳ የኖርኩ ሰው የሚስቴ ድምፅ የለኝም ብል ማን ያምነኛል? ሲዲ መጥቶ ሙዚቃ ቤቱን ከዘጋን በኋላ ካሴቶቹን በሦስት የቆርቆሮ ሳጥን ሞልተን ቤት አስቀምጠን ነበር። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ እንደ ሰው ሁሉ ቤታችንን ዘግተን ወጣን፣ ከወራት በኋላ ተመለስን። ሳጥኖቹ የሉም። ካሴቱ ለማንም ስለማይጠቅም ግቢው ውስጥ ተዘርግፏል፤ ክሩ ከአጥሩና ከባሕር ዛፉ ላይ ተጠምጥሞ በነፋስ ይርገበገባል። ለታይ መጋረጃ ጠፋ፣ ድስት ጠፋ አላለችም። ዝም ብላ ክሩን ከአጥሩ እየፈታች እንደ ፈትል ትጠቀልል ጀመር። «ምን ይሆንሻል?» አልኳት። «ይቀመጥ» አለች። አሁንም አለ፤ ፀሐይና ዝናብ የመታው ክር ግን ምንም አይናገርም። ስኳር ነበረባት። መድኃኒት ከከተማው በጠፋባቸው ወራት ሄደች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የዚህ ከተማ ሰው የቀረውን ያውቃል፣ የሌላው ከተማ ሰው ይጠይቅ። ደክሞኛል፤ ያንን ደግሞ ከመጀመሪያው ለመናገር አቅም የለኝም።

ጣቢያው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። በየፎቁ እየቆምኩ፣ ኪሮስ ክንዴን ይዞኝ «ኣጆኻ፣ በርታ» እያለኝ ወጣን። እንዲህ ትንሽ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሁለት ክፍል ናት። የውስጠኛው ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ፍረወይኒ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ስልክ በአንድ ጆሮዋ ይዛ በሌላ እጇ ኮምፒውተር የምትነካካ። ዘፈን እየሄደ ስለነበር ግቡ ብላ በእጇ ጠራችን።

«ከመይ ሓዲርኪ፣ ጓለይ?» አልኳት፤ እንደምን አደርሽ ልጄ ማለቴ ነው።

«እግዚኣብሔር ይመስገን ኣቦይ። አማርኛ ይሻልዎታል?» አለችኝ። ይኸው ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ትግርኛ ተናግሬ፣ አንድ ቃል ስተነፍስ ሰው በደግነት ወደ አማርኛ ይዞርልኛል።

«ያችን ሴት አታጥፊያት» አልኳት።

«የትኛዋን ሴት?»

«ዘፈኑ መሃል የምትገባውን።»

ስልኩን አስቀመጠችና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይለይ! እርስዎም?» አለችና ሳቀች። «ኣቦይ፣ ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ከጠየቅኩ ጀምሮ ይሄ ስልክ አላረፈም። እኔ ደግሞ ሰው ተማረረ ብዬ ነበር። አንዷ ከዓዲ ሓቂ ደውላ ‹እሷ ከሌለችበት ዘፈኑ የሰው ነው› አለችኝ። አንድ ሰውዬ ‹እኔ የተዳርኩት እሷ እየተናገረች ነው፣ አሁን ልታፋቺኝ ነው ወይ?› ብሎ ተቆጣኝ። ሌላው ‹ንጹሑን ለአዲስ አበባ ስጡት፣ የኛን መልሱልን› አለ።» ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አላነሳችውም። «ማን ናት ግን? ሁሉም ያውቋታል፣ ስሟን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።»

«ለታይ ትባላለች» አልኳት። «ባለቤቴ ናት። አርፋለች።»

ፍረወይኒ ከወንበሯ ተነሳች። በሁለት እጇ እጄን ያዘችና ጎንበስ አለች። «ነፍሳ ይምሓር፣ ኣቦይ፤ ነፍሷን ይማር» አለች። ከዚያ የራሷን ወንበር ሰጠችኝ። ያን ያህል ደረጃ ወጥቼ ያላለቀስኩት እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ኪሮስ ወደ መስኮቱ ዞሮ የሌለ ነገር ያይ ነበር። ልጅቷ እንባዬ እስኪያባራ ጠበቀችኝና፣ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ አመጣች። «አልጠፋችም፤ ይችውልዎት። በዚህ ይስሟት፣ በባጃጅ ሬዲዮ ሁሉም አይሰማም» አለች። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ክራሩ መጣ። በማዳመጫ ሲሰማ ሌላ ነው፤ የሙዚቃ ቤታችን ክፍል ራሷ ተሰማችኝ፣ የዴኩ ሞተር እርር ሲል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ከሩቅ ደግሞ መንገዱ። ሙዚቃው ዝቅ አለ። ለታይ ትንፋሿን ሳበች፤ ትንፋሿን ሰማሁት። «መስከረም ሙዚቃ ቤት፣ መቐለ፣ ከገበያው በላይ።» የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። እንዲህ ቀጭን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ እንደሚቀርበው ረስቼዋለሁ። ይህ ነው፣ ይህ ነው እያልኩ ሳለሁ፣ ከእሷ ኋላ፣ ከማይኩ ርቆ፣ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። «ቶሎ በይ እንጂ! ምን ይጎትትሻል? ዘፈኑን ጨረስሽው እኮ!» ሻካራ፣ ትዕግሥት የሌለው፣ የሚናቅ ነገር ለሚናቅ ሰው የሚናገር ዓይነት። ከዚያ ለታይ፣ ለማይኩም ለደንበኛም ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ፣ ዝቅ ብላ፣ «ሓራይ በቃ፣ ሓራይ።» እሺ ማለት ነው። እሺ በቃ፣ እሺ። ክራሩ ተመለሰ።

ያ ወንድ እኔ ነኝ። ቁራው እኔ ነኝ።

ደግሜ እንድታሰማኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ፤ አሁንም እኔው ነኝ። በለቅሶዋ ጊዜ ድንኳን ሥር ተቀምጬ ለመጣው ሁሉ የተናገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ አብረን ስንኖር ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም ብያለሁ። ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎኛል፣ ሴቶቹም መልካም ባል እያሉ በእኔ ስም ሙሾ አውርደዋል። ስዋሽ አልነበረም። አምኜ ነው ያልኩት። ልጅ ስላልነበረን የሚያስተባብል አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ከአፈር በታች ናት። ደግሞ ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ቢሆን አንድ ቀን ሆኖ ነው እል ነበር። ግን የለመደ ሰው ድምፅ ነው። እሷም ስትመልስ አልደነገጠችም። የለመደች ሰው እሺታ ነው።

ፍረወይኒ ፊቴን ሳታይ አልቀረችም፤ ወይም ነገሩን ቀድማ አስባበት ይሆናል። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ በመስታወቱ ላይ ያለውን ሰንበር የመሰለ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «ይሄ ወፍራሙ ባለቤትዎ ናቸው። ይቺ ትንሿ ደግሞ ከኋላ የሚቆጣው ሰውዬ ነው። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሠራተኛ ይሆናል። ኣቦይ፣ ከፈለጉ እሱን ቆርጬ አወጣዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ብቻቸውን ጥርት ብለው ይቀራሉ፤ ከነገ ጀምሮ እሱን ነው የማሰማው፣ ለእርስዎም በስልክዎ እጭንልዎታለሁ።» እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀች። ኪሮስም ከመስኮቱ ዞሮ ያየኝ ነበር።

አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድንኳን ሥር ነኝ ያልኩትን ሰውዬ እሆናለሁ። ከተማው በሙሉ ለታይን ብቻዋን ይሰማታል፤ ኪሮስ አያውቅ፣ ልጅቷ አታውቅ፣ ማንም አያውቅ። ፈለግኩት። ልደብቃችሁ አልችልም፤ እሺ ቁረጪው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደክሞኛል፣ በዚህ ዕድሜ ሌላ ጸጸት የምሸከምበት ትከሻ የለኝም። ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አድራሻዋ አልነበረም። ማስታወቂያውንማ ለሁሉም ነው የተናገረችው፤ ለግመል ነጂውም፣ ለሙሽራውም፣ ለዳሱም። በቤቷ ድምፅ የተናገረችው ያችን አንዷን ቃል ብቻ ነው።

«ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ተይው። እሱን ካወጣሽው ‹ሓራይ› የምትለው ለማን ነው?»